ድንጋዩ የሚያውቀው ሰሜን

«አባባ፣ ዘንግዎን እዚያ ግራር ሥር ቢተዉልኝ?»

ዘንጋቸውን አዩት። እኔንም አዩኝ። «ዘንጌ ደግሞ ምን አደረገሽ?» አሉኝ።

ዘንጉ ጫፉ ላይ ብረት አለው። ለዳገት ይመቻል፤ ለኔ ሥራ ግን አይመችም። የምድርን ማግኔት ለመለካት የወጣ ሰው ብረት ይዞ አይሄድም። እኔ ራሴ ስልኬን፣ ቁልፌን፣ የፀጉሬን ማስያዣ ሳይቀር መኪና ውስጥ ትቼ ነው የምወጣው። ረዳቴ ቀበቶውን ፈትቶ ሱሪውን በገመድ ያስራል። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ዘንጋቸውን ግራሩ ላይ አስደግፈው ተመለሱ።

መንደሯ ከኮምቦልቻ ወደ ምዕራብ፣ ከቦርከና ሜዳ ወደ ገመገሙ ሲወጣ ያለች ናት። ከ4 ዓመት በፊትም ውኃ ፍለጋ መጥቼባት ነበር። ጉድጓዱ የት ይቆፈር ሲባል «እዚህ» ብዬ ጣቴን የቀሰርኩት እኔ ነኝ። ተቆፈረ። በክረምት ውኃ ሰጠ። ጥር ላይ ፓምፑ አየር መሳብ ጀመረ። ሚያዝያ ላይ ጨርሶ ደረቀ። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ድሮው ምንጭ ተመለሱ። ማንም ስልክ ደውሎ አልወቀሰኝም። እኔ ግን ያቺን ቦታ ከራሴ ላይ ማውረድ አልቻልኩም። በሐረጎ ቁልቁል ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል።

የተሳሳትኩት መሣሪያው ስለተበላሸ አይደለም። መሣሪያው ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት የሰጠኝን ዝምታ «ምንም የለም» ብዬ ስላነበብኩት ነው። ለምን እንደዚያ እንዳነበብኩ ለማስረዳት ከድንጋዩ መጀመር አለብኝ።

ደሴ ያደገ ልጅ ማግኔትን የሚያውቀው ከተበላሸ ሬዲዮ ነው። ስፒከሩ ይፈታና ክቡ ማግኔት ይወጣል። በሲባጎ ታስሮ አሸዋ ላይ ይጎተታል። እኛ ይህን የምናደርገው ዝናብ ካባራ በኋላ ቦርከና ዳር ነበር። ማግኔቱ ጥቁር ጢም አብቅሎ ይወጣል። ጢሙን በጣት አራግፈን ወረቀት ላይ እናደርገዋለን፤ ከሥር ሌላ ማግኔት ስናንቀሳቅስ ጢሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ይተኛል፣ እንደገና ይቆማል። ከጋራዥ የመጣ የብረት ብናኝ ይመስለን ነበር። ከጋራዥ የመጣ አልነበረም። ከተራራው የመጣ ነው። ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ነው። ጥቁር ድንጋይ የምንለው፣ ጂኦሎጂስቶች ባዛልት የሚሉት፣ በውስጡ ትንሽ በመቶ ያህል ይህን ማዕድን ይይዛል። ድንጋዩ ሲፈራርስ ቀላሉ በጎርፍ ይሄዳል፣ ከባዱ ጥቁር አሸዋ ሆኖ ወንዝ ዳር ይቀራል።

ከጦሳ እስከ አዝዋ ገደል ደሴን የከበባት ተራራ የዚህ ዓይነት ድንጋይ ንብርብር ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ዋናው የላቫ ጎርፍ የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ላቫው ሲወጣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በዚያ ሙቀት ማግኔታይት የማግኔት ጠባይ የለውም። ሲቀዘቅዝ፣ ወደ 580 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ነገሩ ይለወጣል። በየቅንጣቱ ውስጥ ያለው ማግኔት በዚያን ሰዓት የምድር ማግኔት ወዳለበት አቅጣጫ ይሰለፋል። ከዚያ ድንጋዩ ይበርዳል፤ ሰልፉም እንደቆመ ይቀራል።

ይህን ለተማሪ ሳስረዳ ምጣድ ነው የምጠቀመው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ጠፍጥፋ ካደረቀች በኋላ በእንጨትና በእበት እሳት ታቃጥለዋለች። እሳቱ ብዙ ጊዜ ከ600 ዲግሪ ያልፋል። ጭቃው ውስጥ የብረት ማዕድን አለ። ምጣዱ አመዱ ውስጥ ተኝቶ ሲቀዘቅዝ የዚያን ቀን ሰሜን በውስጡ ይይዛል። ከዚያ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፣ ሰው ቤት ይገባል፣ በሌላ አቅጣጫ ጉልቻ ላይ ይቀመጣል። እንጀራ ሲጋገርበት 200 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ይህ ሙቀት ጠንካራውን ትዝታ አይነካውም። ደካማውን ብቻ ያጠፋና በማዕድ ቤቱ ሰሜን ይተካዋል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ምጣድ 2 ሰሜን አለው። አንዱ የሸክላ ሠሪዋ፣ ሌላው የጋጋሪዋ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ድንጋይ የሚነበበው እንደዚሁ ነው። ከውጭ የማግኔት መስክ በተከለለ ምድጃ ውስጥ ይገባል። 100 ዲግሪ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይለካል። ከዚያ 150፣ 200፣ 300 እያለ ይቀጥላል። በኋላ የመጣው ደካማ ትዝታ ቀድሞ ይላቀቃል። የመጀመሪያው እስከ 580 ድረስ ይጸናል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ይከፈታል። ይህን ሥራ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳዬን ረስቼ ነው የዋልኩት።

ደሴ ውስጥ መንገድ ዳር ያሉትን የድንጋይ ግንቦች ሳልፍ ሁልጊዜ የማስበው ነገር አለ። ካባው ውስጥ ሳለ ድንጋዩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክት ነበር። ጠራቢው ፈልጦ፣ ግንበኛው አገላብጦ ሲደረድረው እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱን ሰሜን ይዞ ዞረ። አሁን ግንቡ ላይ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ሆጤ፣ አንዱ ወደ ፒያሳ ያመለክታል። ማንኛቸውም ግን አልረሱም። ተመራማሪዎች ይህንኑ እንደ ፈተና ይጠቀሙበታል። በጎርፍ ወይም በናዳ የተገለባበጡ ድንጋዮች የተለያየ አቅጣጫ ካሳዩ ትዝታቸው የጥንቱ ነው ማለት ነው። ሁሉም ተመሳሳይ ካሳዩ ግን ከተገለባበጡ በኋላ አዲስ ማግኔት ተጭኖባቸዋል። የደሴ ሰው መሬት መንሸራተትን ያውቀዋል። የተንሸራተተ ቋጥኝም ከአለቱ ተላቆ መዞሩን ራሱ ይመሰክራል።

ከዚህም የሚገርመው አለ። በ1906 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው በርናርድ ብሩንስ፣ ማግኔታቸው ከዛሬው ሰሜን ተቃራኒ የሚያመለክት ላቫና በላቫው ሙቀት የተጠበሰ ሸክላ ማግኘቱን ጻፈ። በ1929 ጃፓናዊው ሞቶኖሪ ማቱያማ ይህ መገልበጥ ከድንጋዩ ዕድሜ ጋር እንደሚሄድ አሳየ። የምድር ማግኔት ራሱ ይገለበጣል ማለት ነው። ሰሜን የሚያሳየው ኮምፓስ ደቡብ የሚያሳይበት ዘመን ነበረ። የመጨረሻው መገልበጥ የሆነው የዛሬ 780,000 ዓመት አካባቢ ነው። የኛም ተራሮች ይህ ተጽፎባቸዋል። በ1998 የታተመ ጥናት ከሊማሊሞና ከዚሁ ከወሎ፣ ከወገል ጤና የተወሰዱ ናሙናዎችን መርምሮ ቀጥ ያለውንም የተገለበጠውንም አቅጣጫ በንብርብሩ ውስጥ አግኝቷል። ዳገቱን በእግሩ የሚወጣ ሰው በተገለበጠ ሰሜንና በቀና ሰሜን ላይ እየተረማመደ ነው።

ወደ መሣሪያው ልመለስ። የኔ ማግኔቶሜትር፣ ማለትም የማግኔት መለኪያዬ፣ በረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ ላይ የተሰቀለ ጠርሙስ የመሰለ ነገር ነው። በውስጡ ሃይድሮጅን የበዛበት ፈሳሽ አለ። ነጭ ጋዝ ይሆናል። አዎ፣ እናቶቻችን ምድጃ ላይ ያነደዱት ነጭ ጋዝ። በፈሳሹ ዙሪያ ባለው ጥቅል ሽቦ ለአፍታ ኮረንቲ ይለቀቃል። የሃይድሮጅኑ ፕሮቶኖች ይሰለፋሉ። ኮረንቲው ሲቋረጥ ሊቆም እንደቀረበ እንዝርት እየተወላገዱ ይዞራሉ። የሚዞሩበት ፍጥነት በምድር ማግኔት ጉልበት ልክ ነው። እኛ አካባቢ ጉልበቱ፣ ናኖቴስላ በሚባለው የማግኔት መለኪያ፣ ከ36,000 እስከ 37,000 ናኖቴስላ ስለሆነ በሰከንድ ወደ 1,550 ጊዜ ይዞራሉ። ጆሮ የሚሰማው ቅላፄ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ማቀዝቀዣ በር ላይ የምትለጥፏት ማግኔት ከምድሪቱ ከ100 እጥፍ በላይ ትበረታለች። እኔ የምፈልገው ለውጥ ደግሞ ከዚያ 36,000 ውስጥ 20 ወይም 30 ብቻ ሊሆን ይችላል። የአባባ ዘንግ ያንን ቢሸፍነው አይገርምም። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሽቦ አጥርና የኤሌክትሪክ መስመርም እንደዚሁ ናቸው። መንደር መሃል መለካት ትርፉ ድካም ነው።

የምፈልገው ዳይክ ነበር። የቀለጠ ድንጋይ በመሬት ስንጥቅ ገብቶ ሲረጋ ከመሬት በታች የቆመ ግድግዳ ይሆናል። ያ ዳይክ ነው። ከምዕራብ ካለው ተራራ ወደ ቦርከና ሜዳ የሚወርደው የከርሰ ምድር ውኃ እዚያ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ይገደባል። ከግድግዳው በላይ፣ ማለትም በምዕራብ በኩል የቆፈረ ውኃ ያገኛል። ከበታች የቆፈረ የክረምቱን ጠብታ ይጠብቃል። እኔ ከበታች ነው ያስቆፈርኩት። ግድግዳው መኖሩን አላየሁትም ነበር።

ለምን አላየሁትም? የተማርንባቸው መጻሕፍት ሥዕሎች ከሩቅ ሰሜን አገሮች የመጡ ናቸው። እዚያ የምድር ማግኔት ወደ መሬት ዘልቆ ይገባል፤ በነፃ የተንጠለጠለ መርፌ አፍንጫውን ደፍቶ ይቆማል። ዳይክ ላይ ሲያልፉ ቁጥሩ ጉልህ ሆኖ ይወጣል። እኛ ጋ ግን መርፌው ጋደም ይላል። የመሬት ወገብ ኬንያ ውስጥ ነው፤ የማግኔት ወገብ፣ መርፌው ጨርሶ የሚጋደምበት መስመር፣ ግን በኢትዮጵያ ውስጥ ያልፋል። ደሴና ኮምቦልቻ ከሱ ትንሽ ወደ ሰሜን ናቸው፣ ጥቂት ዲግሪ ቢያዘነብል ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ብዙ ነገር ከሥዕሉ ይለያል። ማግኔት ያለው አለት በላዩ ላይ ስታልፉ ቁጥሩን ከፍ በማድረግ ፋንታ ዝቅ ያደርገዋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን ሁሉ የሚያደናግር ነው።

ከባዱ ግን ሌላው ነው። ያንን የስፒከር ማግኔት ትታችሁ ዘንግ የሚመስለውን ማግኔት አስቡ። መርፌ ስታቀርቡለት የሚይዘው በሁለቱ ጫፎቹ ነው። መሃሉ ላይ አይዝም። አሁን ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ የብዙ ኪሎ ሜትር ዳይክ አስቡ። የምድር ማግኔት ጋደም ብሎ በርዝመቱ ይሄዳል። የራሱ የዱሮ ትዝታም ቢሆን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። ዳይኩ በርዝመቱ ማግኔት ሆነ ማለት ነው። ጫፎቹ ሩቅ ናቸው። እኔ የቆምኩት መሃሉ ላይ ነው። መሃሉ ደግሞ ዝም ይላል።

የኛ ገመገም የተሰነጠቀው በየት አቅጣጫ ነው? በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ ባዘነበለ መስመር። ምድሪቱ ወደ አፋር ስትለጠጥ የተቀደደችው በዚያ አቅጣጫ ነው። የቦርከና ሜዳ ራሱ በዚህ ቅዳጅ የወረደ መሬት ነው። ቅዳጁም አልተኛም። በ1961 እ.ኤ.አ. ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ፣ ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴን አፍርሷታል። እንግዲህ ማግኔቶሜትር እኛ ጋ ዓይኑ የሚደክመው ምድራችን በተሰነጠቀችበት በዚያው አቅጣጫ ነው። ጨርሶ አይታወርም፤ መስመሩ ትንሽ ስለሚያዘነብል የሆነ ነገር ያያል። የሚያየው ግን ደካማ ነው። እኔ ከ4 ዓመት በፊት እንደ መጽሐፉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 50 ሜትር እየዘለልኩ መስመር ሄድኩ። 8፣ 10 ናኖቴስላ የምትሆን ሞገድ አየሁ። «ይህ ምንም አይደለም» አልኩ። ቁጥሯ ዛሬም ማስታወሻዬ ላይ አለች፤ አጠገቧ በእርሳስ የጻፍኩት «ጩኸት» የሚል ቃልም አለ።

በዚህኛው ጉዞ መስመሮቹን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዞርኩ። በመሃላቸው ያለውን ርቀት 10 ሜትር አደረግኩ። አሰልቺ ሥራ ነው። እግር ይቆስላል። ግን ዳይክ በተፈጥሮው ወጥ አይደለም። የሆነ ቦታ ይሰበራል፣ ይቀጥናል፣ ይወፍራል፣ ይዘላል። በተሰበረበት ሁሉ ትንሽ ጫፍ ይፈጠራል። ጫፉ ይታያል። ተስፋዬ እሱ ነበር።

ሥራውን የምንጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። ፀሐይ ስትወጣ ከኛ በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በማግኔት ወገቡ ላይ ኃይለኛ ኮረንቲ ይፈሳል። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን መሬት ላይ ያለውን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። አንድ ቦታ ተክለን የተውነው መሣሪያ በዚያን ቀን ብቻ ከ80 ናኖቴስላ በላይ ሲወጣ መዘገበ። እኔ የምፈልገው 10 ነው። ያንን ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ መቀነስ ግድ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1958 እ.ኤ.አ. የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው የማግኔት ወገብ መቅረቡ ነበር። ጣቢያውን ያቋቋሙት ኢየሱሳዊው ቄስ ፒየር ጉዋን ናቸው። አገራችን ለዚህ ሳይንስ ምን ያህል የተመቸች ቦታ እንደሆነች ብዙ ሰው አለማወቁ ያሳዝነኛል።

በሁለተኛው ቀን ከገመገሙ ጫፍ ላይ ቁጥሩ አበደ። በ5 ሜትር ውስጥ 2,000 ናኖቴስላ ወረደ፣ ከዚያ ወጣ። ረዳቴን «ብረት ይዘሃል?» አልኩት። ኪሱን ገለበጠልኝ። ደግመን ለካን። ያው ነው። አባባ ከኋላ መጡና ቦታውን አዩት።

«መብረቅ ነው» አሉ። «እዚህ ላይ የሰው በሬ ገድሏል። እኔ ልጅ ሆኜ። ወላሂ፣ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ እዚህ የሚቆም የለም።»

ኮምፓስ አስመጣሁ። አለቱ ላይ አስቀምጬ በቀስታ አንቀሳቀስኩት። መርፌው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ዞረ፣ ዞረ፣ ወደ ደቡብ ዞሮ ቆመ። እጄ ላይ ያለው ኮምፓስ ሰሜን የት እንደሆነ አላወቀም። መብረቅ አለት ሲመታ አሥር ሺዎች አምፔር በአንድ ቅጽበት ያልፋል። በዙሪያው የሚፈጠረው ማግኔት የ30 ሚሊዮን ዓመቱን ትዝታ ይሸፍነዋል። ናሙና የሚሰበስቡ ሰዎች ጫፍ ላይ ካለ አለት የሚሸሹት፣ አቅጣጫውንም በኮምፓስ ብቻ ሳይሆን በፀሐይ ጥላ ጭምር የሚለኩት ለዚህ ነው። አባባም ኮምፓሱን ተቀብለው ራሳቸው አዞሩት። ሦስት ጊዜ። አራት ጊዜ። ምንም አላሉም። ከዚያ ለረዳቴ «ና፣ አንተም እየው» አሉት። እኔ ያንን ቦታ ከካርታው ላይ ሰረዝኩት።

ማታ ኮምቦልቻ ሆቴል ክፍል ውስጥ ቁጥሮቹን አስተካክዬ ካርታ ላይ ጣልኳቸው። መጀመሪያ የታየኝ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው። ቆይቶ ዓይኔ ለመደው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ትንሽ ያዘነበለች፣ ጎላ ዝቅ፣ ጎላ ዝቅ የምትል የነጠብጣብ ረድፍ። እንደ ተበጠሰ ጨሌ። አንዱ ፍሬ ከሌላው 40፣ 60 ሜትር ይርቃል። የደረቀው ጉድጓድ ከጨሌው በምሥራቅ በኩል 70 ሜትር ላይ ነበር። የድሮዋ «ጩኸት» በትክክል ጨሌው ላይ አረፈች። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ብዙ ቆየሁ።

በማግስቱ ጨሌውን ወደ ሰሜን ተከትለን ወረድን። 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጎርፍ የቆረጠው ቦይ አለ። ግድግዳው እዚያ ወጥቶ ቆሟል። ወርዱ 3 ሜትር ቢሆን ነው። ድንጋዩ እንደ ተቆለለ እንጨት ጎን ለጎን ተኝቷል፤ ዳይክ ከጎኖቹ ስለሚቀዘቅዝ ምሰሶዎቹ አግድም ነው የሚሠሩት። በምሥራቅ በኩል አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በምዕራብ በኩል ቄጤማ በቅሏል። ጥር ወር ነው። አባባ ጎንበስ ብለው ቄጤማውን በእጃቸው ነቀሉ። ሥሩ ጭቃ ይዞ መጣ። ጭቃውን በጣታቸው አፈረጡት።

«ይሄ ለቡናው ይሆናል» አሉና ጠቀለሉት። ቀጥለው «መቼ ነው የሚቆፈረው?» ብለው ጠየቁኝ።

በኤሌክትሪክ መለኪያው ሳላረጋግጥ ቀን እንደማልናገር ነገርኳቸው። ከዚህ በፊት በችኮላ የተናገርኩትን አላስታወሱኝም። «አብሽሪ» ብቻ አሉኝ። ወደ መንደሩ ተመልሰን ከጨሌው በስተምዕራብ 40 ሜትር ቆጠርን። ረዳቴ የብረቱን ችካል ሊያመጣ ሲሄድ ጠራሁት። የእንጨት ችካል ተከልን።